ጥቆማ፦ አዲስ መኪና ላይ ሻጩ የሚቀባው “የቀለም መከላከያ” ያዋጣል? (ሀዋሳ ላላችሁ)

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። ሰው መኪና ሊረከብ አዲስ አበባ ይወጣል። ክፍያ ጨርሶ፣ ወረቀት ፈርሞ ቁልፍ ሊቀበል ሲል ሻጩ ፈገግ ብሎ “የቀለም መከላከያም አብረን እንሥራልዎት?” ይለዋል። ያ ሁሉ ሚሊዮን ከወጣ በኋላ ተጨማሪው ብር የሻይ ይመስላል። እዚያው ቆሞ ይደውልልኛል፦ “ላስቀባ?”

አታስቀቡ። ሻጩ ዘንድ ማለቴ ነው። ቀለም መጠበቅ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም፣ እንዲያውም ሀዋሳ ላይ በደንብ ያስፈልጋል፤ ግን ያንኑ ብር ሌላ ቦታ ብታወጡት የተሻለ ነገር ታገኙበታላችሁ።

መጀመሪያ ምን እየተሸጠላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። “ፔይንት ፕሮቴክሽን” የሚባል አንድ ዕቃ የለም። ሰም ሊሆን ይችላል፣ ሲላንት የሚሉት ሰው ሠራሽ ሰም ሊሆን ይችላል፣ ሴራሚክ የሚሉት ተቀብቶ የሚደርቅ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፣ ፒፒኤፍ የሚባለው ቀለሙ ላይ የሚለጠፍ ግልጽ ፕላስቲክም ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ሰም ሳምንታት ነው የሚቆየው፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር። ሲላንት ትንሽ ይሻላል። ሴራሚክ በደንብ ከተሠራ ዓመታት ይሄዳል፣ ጥሩ ፒፒኤፍ ደግሞ ከዚያም በላይ። የምርቱን ስም ጠይቃችሁት ሻጩ “መከላከያ ነው፣ አሪፍ ነው” ብቻ ካለ ሲላንት ነው ብላችሁ አስቡት።

ሰዓቱም ይናገራል። ሴራሚክ ሊቀባ መኪናው ይታጠባል፣ ክሌይ በሚሉት ለስላሳ ነገር እየታሸ ቀለሙ ላይ የተጣበቀው ቆሻሻ ይነሳል፣ ፖሊሽ ይደረጋል፣ ቅባቱ በአልኮል ይጠረጋል፣ ፈሳሹ የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም በትንሽ በትንሹ። ከዚያ አንድ ቀን ያህል ውሃም አቧራም ሳይነካው ይቆማል። ለሳምንት ያህልም አይታጠብም። ጠዋት ከፍላችሁ ከሰዓት “ተቀብቷል፣ ውሰዱት” ከተባላችሁ ይሄ ሁሉ አልተደረገም። መኪናውን ያጠበው ልጅ በዚያው ጨርቅ አሽቶታል፣ በቃ።

“አዲስ መኪና ምን ፖሊሽ ያስፈልገዋል?” የሚለኝ አለ። ዜሮ ኪሎ ሜትር ማለት ያልተነካ ማለት አይደለማ! ከቻይና በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ አቧራ ላይ ቆሞ፣ ገዢ በመጣ ቁጥር በደረቅ ጨርቅ እየተጠረገ ነው እናንተ ጋ የደረሰው። የስልካችሁን መብራት ኮፈኑ ላይ አስጠግታችሁ እዩ። ጥቁር መኪና ከሆነማ በብርሃኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ጭረት ይታያችኋል። ይሄ ሳይስተካከል ከላይ ከተቀባ ጭረቱ ከሥር ታሽጎ ይቀራል።

ዋስትናውን ደግሞ እንየው። አንድ ወዳጄ የተሰጠውን ወረቀት አምጥቶልኝ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ፊቱ ላይ በትልቁ “5 ዓመት” ይላል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል፦ የጠጠር ምት አይሸፈንም፣ ጭረት አይሸፈንም፣ ቶሎ ያልጸዳ የወፍ ኩስ አይሸፈንም፣ በየዓመቱ እነሱ ጋ መጥታችሁ ካላስመረመራችሁ ደግሞ ዋስትናው ራሱ ይቀራል። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናዬ ያብረቀርቃል ወይ ብሎ ለማስመርመር ይሄን መንገድ ደርሶ መልስ የሚሄድ ካለ እጁን ያውጣ። ሄዶ ቢረታ እንኳ የሚያገኘው ያንኑ ፈሳሽ እንደገና ማስቀባት ነው።

አሁን ወደኛ ከተማ እንምጣ። እዚህ ቀለም የሚጨርሰው ምንድነው?

አባ ኮዳን፣ ያን ትልቅ ወፍ፣ የማያውቅ የለም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር ጥላ አገኘሁ ብላችሁ አቁማችሁ፣ ዓሣችሁን በልታችሁ ስትመለሱ ኮፈኑ ላይ የሚጠብቃችሁን ታውቁታላችሁ። አሞራ ገደል በኩልማ አይወራም። የወፍ ኩስ አሲድነት አለው፣ ነገሩን የሚያብሰው ግን ፀሐይ ነው፦ ቀለሙ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ኩሱ ላዩ ላይ እየደረቀ ይይዘዋል፣ ሲቀዘቅዝ የኩሱ ቅርጽ ቀለሙ ላይ ይቀራል። ከዚያ ብታጥቡትም ምልክቱ አይለቅም። ሴራሚክ እዚህ ላይ ጊዜ ይሰጣችኋል እንጂ አያድናችሁም፣ ለቀናት ከተተወ እሱንም ይበላዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አንድ ሃይላንድ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ የበሩ ኪስ ውስጥ ይኑር። ጨርቁን አርሳችሁ ኩሱ ላይ አስተኙት፣ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ሲርስ ሳትፈትጉ ወደ ላይ አንሱት። በደረቅ ሶፍት የሚፍቅ ሰው ሳይ ያመኛል።

ፀሐዩም ቀላል አይደለም። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለዚህ ግቢ ውስጥ የተሠራ የቆርቆሮ ጥላ ከማንኛውም ፈሳሽ ይበልጣል። የመኪና ልብስ የምትወዱ፣ አቧራ ባለበት መኪና ላይ አትደርቡት፤ ነፋስ ባንቀሳቀሰው ቁጥር አቧራውን ቀለሙ ላይ ይፈትገዋል።

ከዚያ መንገዱ አለ። ሻሸመኔን አልፋችሁ ወደ ባቱ ስትሄዱ ሸራ ያልለበሰ፣ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ከፊታችሁ ይገባል። ልትቀድሙት አትችሉም፣ ከኋላው ብትሆኑ ያወርድባችኋል። ጠጠርን የሚያቆም ፈሳሽ ደግሞ የለም። የፋብሪካ ቀለም በአጠቃላይ ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ነው፣ ላይኛው ግልጽ ክሊር ብቻውን 40 ወይም 50 ቢሆን ነው። ሴራሚክ የሚጨምርበት ጥቂት ማይክሮን ነው። “9ኤች ነው፣ ድንጋይ አይነካውም” ካሏችሁ፣ 9ኤች የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው። በእርሳስ ተጭሮ ነው የተፈተነው፣ በሲኖትራክ ጠጠር አይደለም። ፒፒኤፍ ግን ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚደርስ ተለጣጭ ፕላስቲክ ስለሆነ ምቱን ራሱ ይቀበለዋል። ነገ መሸጥ ስትፈልጉ ደላላው መጀመሪያ የሚያየው “ቀለሙ የፋብሪካ ነው?” የሚለውን ነው፣ ስለዚህ ይሄኛው ወጪ የሚመለስበት መንገድ አለው።

ከሁሉም የባሰው ግን ላቫጆው ነው፣ ስለሱ ማንም አይጠይቀኝም። አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅ። ከእናንተ በፊት የታጠበው ጭቃ ለብሶ የመጣ አይሱዙ ነው። ስፖንጁ ከአይሱዙው ጎማ ተነስቶ በቀጥታ ኮፈናችሁ ላይ ያርፋል። ሴራሚክ ይኑር አይኑር፣ አሸዋ አሸዋ ነው። የራሳችሁን ስፖንጅና ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ በውሃ ብቻ አቧራው ይውረድ በሏቸው፣ ጎማው መጨረሻ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ላርጎና ኦሞም ይቅር፣ የተቀባውን ሰም አብሮ ያወርደዋል፤ የመኪና ሻምፖ ግዙ። መንገድ ዳር “ጋሼ፣ ይጠረግ?” እያለ በደረቅ ጨርቅ የሚመጣውን ልጅ ደግሞ ብሩን ስጡትና አይጥረግላችሁ።

እና ብሩ የት ይዋል? አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ ፊት ለፊቱን ብቻ ፒፒኤፍ አስለጥፉ። ፓራውልት፣ ኮፈን፣ የፊት ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ። ሙሉ መኪና ማስለጠፍ ለኔ ቅንጦት ነው። ዕቃው ቲፒዩ የሚባለው ተለጣጭ ፕላስቲክ ይሁን እንጂ ፒቪሲ የሚባለው እንዳይሆን፤ ፒቪሲ ርካሽ ነው፣ በፀሐይ ይቢጫል፣ ሲነሳ ያስቸግራል። ቁራጭ ስጡኝ በሉ። ስትስቡት ተለጥጦ ተመልሶ ይግባ። ከዚያ በቀስታ ጫር አድርጉትና ሙቅ ውሃ አፍሱበት፣ ጥሩው ቲፒዩ ቀላሉን ጭረት ያጠፋዋል። የሚለጥፈው ልጅ መኪናው ላይ አድርጎ በምላጭ የሚቆርጥ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ምላጩ ፕላስቲኩን አልፎ ቀለሙን ይነካል። ፓራውልቱ ላይ ያሉትን ሴንሰሮችም እንዳይሸፍናቸው ንገሩት።

ከከተማ የማትወጡና መኪናችሁ ጥቁር የሆነባችሁ፣ ሴራሚክ አስቡ። እዚሁ አሠሩት። የቤት ስም አልጠቁምም፣ ምክንያቱም ልጁ ሲቀየር ሥራውም ይቀየራል። ሄዳችሁ የሚሠሩበትን ቦታ እዩ፦ በር ያለው ክፍል ነው ወይስ ሸራ የተጣለበት ሜዳ? ሜዳ ከሆነ ተመለሱ፣ በአቧራ መካከል ሴራሚክ አይቀባም። ከዓመት በፊት የሠሩትን መኪና አሳዩኝ በሉ፣ ውሃ ደፉበት። ውሃው ድብልብል እያለ ከሸሸ ጥሩ፣ ተንጣሎ ከቀረ ሌላ ቤት።

ለተቀረነው ሰም ይበቃል። የታርትል ዋክስ ወይም የሶናክስ አንድ ዕቃ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። በየሁለት ወሩ እሑድ ጠዋት ጥላ ሥር፣ ቀለሙ ሳይግል። ነጭ መኪና ያላችሁ ከዚህ በላይ አትጨነቁ፣ ነጭ ጭረቱን ይደብቅላችኋል።

ዋጋ ጻፍ እንዳትሉኝ። ዕቃው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። የሻጩንና እዚህ ያለውን ቤት በአንድ ቀን ደውላችሁ አወዳድሩ።

ወንበሩንም እንቀባለን የሚሉትን ተዉት፣ ጨርቅ ላይ የሚነፋ ስፕሬይ ነው። “መከላከያው ዋጋው ውስጥ ገብቷል” ካሏችሁ “ያለ እሱ ስንት ነው?” በሉ፤ ብዙ ጊዜ ይነሳል። አይነሳም ካሉም ይቀቡት፣ ግን በዚያ ብር ሌላ ነገር ጠይቁበት፣ እግር ሥር የሚነጠፍ የጎማ ምንጣፍም ቢሆን። የማይቀቡ ከሆነ ደግሞ ገና ሳትረከቡ “አትጠቡልኝ፣ አትጥረጉልኝ፣ ላስቲኩንም እኔ ራሴ አነሳዋለሁ” በሏቸው። አቧራውን እንደያዘ ይዛችሁት ውረዱ።