ጋሼዎች ከመሄዳቸው በፊት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም አባላት። ጡረታ የሚወጡ ነባር ባለሙያዎች የሚያውቁትን ይዘን የአሠራር መመሪያዎቻችንን እናድስ ነው ነገሩ። ረቂቁ አሁን «ከእያንዳንዱ ተሰናባች ጋር የ2 ሰዓት ቪዲዮ ይቀረጻል» ይላል። እስቲ አስተያየት።

የምርት ክፍል አባል፦ ቪዲዮው አይዋጥልኝም። አንድ የሠራሁበት ፋብሪካ ሞክሮት ነበር። ሰውየውን ስብሰባ አዳራሽ አስቀምጠው «የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩን» አሏቸው። ስለ ሥራ ፍቅር አወሩ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። ፋይሉን ማንም ከፍቶ አላየውም።

ማሽኑ ጋ ቆመው ቢጠየቁ ሌላ ነበር። የእንፋሎት መስመር ሲከፈት መመሪያው «15 ደቂቃ ያሙቁ» ይላል። እሳቸው ሰዓት አያዩም። ዓይናቸው የማፍሰሻ ቫልቩ አፍ ላይ ነው። ውሃ መትፋቱን እስኪተው፣ አፉ ጋ ያለው እንፋሎት ጠርቶ ለዓይን እስኪጠፋ ይጠብቃሉ። ነጭ ከሆነ ገና ውሃ አለው። ዋናው ቫልቭ ቀድሞ ከተከፈተ እንፋሎቱ ያንን ውሃ ገፍቶ ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታዋል። በብርድ ቀን ደግሞ 15 ደቂቃ ላይበቃ ይችላል። ይሄ የትም አልተጻፈም።

የደህንነት መሐንዲስ፦ እስማማለሁ። ግን ነባር ሰው የሚያደርገው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። «ይሄ አላርም ሁሌም ይጮኻል» ብሎ የሚያጠፋም አለ። ስለዚህ ሳይመረመር መመሪያ ውስጥ የሚገባ ነገር አይኑር።

ሰው ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ግን ፍሊክስቦሮን አስታውሱ። እንግሊዝ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1974። የኬሚካል ፋብሪካው መሐንዲስ ለቆ ቦታው ክፍት ነበር። የቀሩት ሰዎች ጊዜያዊ ማለፊያ ቧንቧ ሲሠሩ ንድፉን ወርክሾፕ ወለል ላይ በጠመኔ ሳሉት። ቧንቧው ተቀደደ፤ 28 ሰው ሞተ። «ቆይ፣ ይሄ ስሌት ይፈልጋል» የሚል ሰው አልነበረም።

ጡረታ ሊወጡ 4 ወር የቀራቸው ኦፕሬተር፦ ልጆች፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፕሮሲጀሩ እንዲህ ይላል፣ እኔ ግን እንዲያ ነው የማደርገው ብዬ ብናገር፣ ነገ «ስንት ዓመት ሙሉ መመሪያ ሲጥስ ኖሯል» ብትሉኝስ? ይሄን ካልዘጋችሁት ማንም አፉን አይከፍትም። ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት አትምጡብን። ያን ጊዜ ሰው ልቡ ቤቱ ገብቷል።

አስተባባሪ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። እንዲህ ላሻሽለው፦ «ሥራው ከስንብቱ ቢያንስ 6 ወር አስቀድሞ ይጀመራል። ተተኪው መመሪያውን ይዞ ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ይቆማል። ሥራውና ጽሑፉ በተለያዩ ቁጥር ምክንያቱ ተጠይቆ ይመዘገባል። የተነገረው ለቅጣት አይውልም። የደህንነት ክፍል ያጸደቀው ብቻ መመሪያው ውስጥ ይገባል።» የእርስዎ 6 ወር አልፏል፤ ሰኞ እንጀምር?

የሥልጠና ክፍል አባል፦ ቅጹን ለእኔ ተዉት። አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፋብሪካ ሥልጠና ያወጡት ቅጽ ሁለት ዓምድ ነበረው፦ እርምጃ እና ቁልፍ ነጥብ። ኋላ ላይ ሦስተኛ ተጨመረበት፦ ምክንያት። አለቆች «ለምን እንልፋ» ካሉ ደግሞ የዓለም አቀፉ የጥራት አሠራር መስፈርት፣ የአይኤስኦ 9001፣ የ2015 (እ.ኤ.አ.) እትም አንቀጽ 7.1.6 አለላችሁ፤ ድርጅቱ ለሥራው የሚያስፈልገውን እውቀት ለይቶ እንዲይዝ ይጠይቃል። ናሙናውን አያይዣለሁ።

ኦፕሬተሩ፦ ሰኞ ይመቸኛል። ናሙናውንም አየሁት። «ምክንያት» የሚለውን ዓምድ አጥብባችሁታል። አስፉት፤ የእንፋሎቷ ጉዳይ ብቻ አራት መስመር ትፈጃለች።