ከአር50 ወደ አር6 ማርክ 2 ልሻገር ወይስ ሌንስ ልግዛ?

ጎህ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

የያዝኩት ካሜራ ካኖን ኢኦኤስ አር50 ነው። ሌንሴ አብሮት የመጣው 18-45 ሚሊሜትር ዙም ብቻ ነው። ቀን ላይ ውጪ ሳነሳ በሚወጣው ፎቶ በጣም ነው የምደሰተው። ማታ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 12800 ይደርስና ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ልጆች ሲሯሯጡ ደግሞ ፊታቸው ይደበዝዛል።

አሁን አንዲት ጓደኛዬ ሰርጌን አንሺልኝ ብላኛለች። በነፃ አይደለም፣ ትከፍለኛለች። ዝግጅቱ ምሽት ላይ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ። እሺ ከማለቴ በፊት ካሜራዬን ሸጬ፣ ያጠራቀምኩትን ጨምሬበት አር6 ማርክ 2 ልግዛ እያልኩ ነው። ገንዘቤ የሚበቃው ለቦዲው ብቻ ነው። ሌንሱ ያው የያዝኩት ይሆናል።

ያልገባኝ ነገር አለ። ሁለቱም 24.2 ሜጋፒክስል ናቸው። የዋጋቸው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ለምኑ ነው? ሁለቱንም ይዛችሁ የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የቁጥር ሠንጠረዥማ በየቦታው አለ።

ሌሊት ወፍ፦

ፉል ፍሬም፣ ማለት እንደ አር6 ማርክ 2 ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ያለው፣ ግዢና ተገላገዪ እህቴ። እንደ አር50 ያለ ክሮፕ፣ ማለት ትንሽ፣ ሴንሰር ይዘሽ ማታ ሰርግ ላይ መግባት ጭንቀት ነው። እኔ ከቀየርኩ ወዲህ ስለ አይኤስኦ ማሰብ ትቻለሁ።

ባለሁለት ካሜራ፦

ጎህ፣ እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የምሠራው። ሰርግ ላይ አር6 ማርክ 2 በአንድ ትከሻዬ፣ አር50 በሌላው ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ግን አሁን ያሰብሽውን አታድርጊው። 18-45 ሌንስሽ የተሠራው ለትንሹ ሴንሰር ነው። አር6 ማርክ 2 ላይ ስትገጥሚው ካሜራው ራሱ የሴንሰሩን ዙሪያ ቆርጦ መሃሉን ብቻ ይጠቀማል። ከ24 ሜጋፒክስሉ የሚተርፍሽ ወደ 9 ገደማ ነው። የሚሠራው የሴንሰር ስፋትም አሁን በእጅሽ ካለው ካሜራ ጋር ያው ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተሽ አሸዋው እዚያው ይጠብቅሻል።

ሌሊት ወፍ ያለው ውስጥ እውነት አለ፣ ልኩን ግን እንወቀው። ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። የአር50 22.3 በ14.9 ነው። በስፋት ሲሰላ ትልቁ የትንሹን 2.6 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሌንሱን እኩል ከፍተሽ በእኩል ሹተር (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ) ብታነሺ፣ ትልቁ ያን ያህል ተጨማሪ ብርሃን ይሰበስባል። በስቶፕ ሲቆጠር ከአንድ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ነው። ይሄ አይናቅም። ማታ ላይ በደንብ ይታያል።

አሁን ደግሞ ሌንስሽን እይው። 45 ላይ ስታመጪው ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፈትም። የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ከዚህ 12 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። 12800 ላይ ያነሳሽውን ፎቶ፣ ሹተሩን ሳትነኪ፣ 1000 ገደማ ላይ ታነሺዋለሽ ማለት ነው። ቦዲ በመቀየር የምታገኚው ከአንድ ስቶፕ ትንሽ ያለፈ፣ ሌንስ በመቀየር የምታገኚው ከሦስት ስቶፕ በላይ። ይሄን ልዩነት ቦዲ በመቀየር ብቻ አታካክሺውም።

እኔ አር50 ላይ የምገጥመው አርኤፍ 50 ኤፍ 1.8ን ነው። 160 ግራም ነው፣ ካኖን ለእነዚህ ካሜራዎች ከሚሠራቸው ሌንሶች በዋጋ ዝቅ ካሉት ይመደባል። በቀደም አንዲት የሙሽራ እናት ጠረጴዛ ላይ በነበረ ሻማ ብርሃን አነሳኋት። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከኋላዋ ያለው ጨለማ ንጹህ ጥቁር ነው። ፎቶውን ያየ ሁሉ በትልቁ ካሜራ የተነሳ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። 1.8 ላይ ፎከስ የሚያርፍበት ቦታ ቀጭን ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ትንሽ ወደ ኋላ ካለ፣ እሱ ይደበዝዛል። ሁለት ሰው ሲሆን ወደ 2.8 መልሺው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ 4።

ደግሞ በትንሹ ሴንሰር ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እንደ 80 ነው የሚያየው፣ ማለት ይበልጥ ያቀርባል። ለፊትና ለግማሽ አካል ግሩም ነው። ለቡድን ፎቶ ግን ጀርባሽ ግድግዳ እስኪነካ ብታፈገፍጊም አይበቃሽም።

ስለ ልጆቹ መደብዘዝ። ብዙ ሰው አር6 ማርክ 2 በውስጡ የእጅ መንቀጥቀጥ ማካካሻ አለው፣ በአንዳንድ ሌንስ እስከ 8 ስቶፕ ይደርሳል ብሎ ይገዛዋል። አር50 ቦዲ ውስጥ ይሄ የለም። እኔም ባዶውን አዳራሽና ዲኮሩን ያለ ትራይፖድ ሳነሳ በጣም ይጠቅመኛል። የሚሮጥ ልጅን ግን አያቆምልሽም። የሚንቀሳቀሰው እጅሽ ሳይሆን ልጁ ነዋ! ልጅን የሚያቆመው ሹተር ነው፣ 1/250 ሰከንድ እና ከዚያ የፈጠነ። ለዚያ ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል፣ ዞሮ ዞሮ ሌንስና ፍላሽ ጋ እንመጣለን።

ታዲያ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምኑ ነው ላልሽው፣ ለእኔ የመጀመሪያው መልስ ሁለቱ የሜሞሪ ማስገቢያዎች ናቸው። አር50 አንድ ብቻ ነው ያለው። አንድ ምሽት ኬኩ ሊቆረጥ ሲል ስክሪኑ ላይ የካርድ ችግር አለ የሚል ጽሑፍ መጣ። ካርዱን አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። አላነበበውም። ካሜራውን እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ካርድ ላይ እንዲጽፍ አድርጌ ስለምሠራ፣ የሞተውን ኪሴ ከትቼ በሌላው ቀጠልኩ። ሙሽሮቹ እስከ ዛሬ አያውቁም። ያኔ በእጄ የነበረው ባለ አንድ ካርዱ ቢሆን ኖሮ ቀለበቱም፣ ቃል ኪዳኑም፣ የአባትየው እንባም አብሮ ይሄድ ነበር። ገንዘብ በተቀበልኩበት ሰርግ ዋናው ካሜራዬ ሁለት ካርድ የማይወስድ እንዲሆን አልፈልግም። በዚህ አልደራደርም።

ሁለተኛው እጅ ነው። አር50 ላይ የሚሽከረከረው መቆጣጠሪያ አንድ ነው። በማንዋል ስትሠሪ ሹተሩን በእሱ ትቀይሪያለሽ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን መክፈቻ) ለመቀየር ደግሞ ሌላ ቁልፍ ተጭነሽ ነው። አር6 ማርክ 2 ላይ ለሹተር፣ ለአፐርቸርና ለአይኤስኦ ለየራሳቸው አላቸው። ፎከሱን የምታንቀሳቅሺበት ጆይስቲክም አውራ ጣትሽ ሥር ነው። ሙሽሮቹ ከደማቅ በረንዳ ወደ ጨለማ አዳራሽ ሲገቡ፣ ዓይኔን ከቪውፋይንደሩ ሳላነሳ ሦስቱንም እለውጣለሁ። በትንሹ ካሜራ ይሄን ስሠራ በሩን አልፈዋል።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። አር50 በሰከንድ 12 ፎቶ ያነሳል ይባላል፣ እውነት ነው። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ከሆነ ግን ወደ 7ኛው ፎቶ ላይ ጊዜያዊ ማከማቻው ይሞላና መንተባተብ ይጀምራል። ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ! ሙሽራዋ አበባ ስትወረውር አበባው ገና አየር ላይ እያለ ካሜራሽ ቆሟል። ትልቁ አይቆምም።

ፎከስ ላይ ግን የሚወራውን አትመኚ። ሁለቱም ዱዋል ፒክስል ሲሞስ ኤኤፍ 2 የሚባለውን የካኖን አውቶፎከስ ነው የሚጠቀሙት። አር50 ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ ሰውየው ሲራመድም ይከተለዋል። እዚህ ላይ ከትልቁ ብዙም አይርቅም።

የባትሪው ነገር በአጭሩ፣ የአር50 1040 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፣ የሌላው 2130። በትንሹ ሙሉ ምሽት ልትሠሪ ከሆነ ትርፍ ባትሪ የግድ ነው። ክብደት ላይ ትንሹ ያሸንፋል። ከነባትሪውና ካርዱ 375 ግራም ነው፣ ትልቁ 670። ትልቁ ላይ 24-70 ኤፍ 2.8 ስትገጥሚ ሌንሱ ብቻ 900 ግራም ይጨምራል። ምሽቱ ሲያልቅ ትከሻሽ ይነግርሻል።

እኔ አንቺን ብሆን አር50ን አልሸጥም። 50 ኤፍ 1.8ን እገዛለሁ፣ ፍላሽ እጨምራለሁ፣ ለሰርጉ አር6 ማርክ 2ን ከ24-70 ጋር እከራያለሁ። የገዛሽው 50 ሁለቱም ላይ ይገጥማል፣ ያውም ሳይቆረጥ። ትልቁ ላይ 50፣ ትንሹ ላይ እንደ 80 ያይልሻል። አር50ሽ ደግሞ ትልቁ አንድ ነገር ቢሆን ተጠባባቂ ይሆናል።

ሌሊት ወፍ፦

የሌንሱ ነገር እውነት ነው፣ በ18-45 ልትቀጥል እንደሆነ አላስተዋልኩም። ኪራይ ላይ ግን አልስማማም። የማያውቁትን ካሜራ ይዞ ሰርግ ላይ መግባት ከትንሹ ካሜራ የባሰ ነው። ቁልፎቹን ስትፈልጊ ቀለበቱ ይገባል።

ባለሁለት ካሜራ፦

ልክ ነህ ወንድሜ። ጎህ፣ በሠርጉ ዋዜማ አትከራዪው። ቀደም ብለሽ ውሰጂውና ማታ ማታ ቤት ውስጥ ተለማመጂበት። መብራት አጥፊና በአንድ አምፖል ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው አንሺ። ደግነቱ ሜኑው ከአር50 ጋር የአንድ ቤተሰብ ስለሆነ አይጠፋሽም። ሁለቱም ካርድ ላይ እንዲጽፍ ማድረጉን ግን ራስሽ ገብተሽ አረጋግጪ። ከአንቺ በፊት የተከራየው ሰው ምን ላይ ትቶት እንደሄደ አታውቂም።

ጎህ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያመሰገንኩት። ሌንሱ በትልቁ ላይ እንደሚቆረጥ ጭራሽ አላውቅም ነበር። የሻጩ ማስታወቂያ ሁሉም ይገጥማል ብቻ ነው የሚለው። አንድ ጥያቄ ልጨምር። የአጎቴ የድሮ የካኖን ፍላሽ ቤት አለ፣ በደንብ ይሠራል። አር50 ላይ ይሆናል? የተከራየሁት ላይስ?

ሪፍሌክተር፦

ይሄን እኔ ልመልስ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር ስለሆነ። አር50 አናት ላይ ያለው የፍላሽ መግጠሚያ አዲሱ ዓይነት ነው። መሃሉ ላይ የድሮዎቹ ፍላሾች የሚነኩት ነጥብ የለውም። የአጎትሽ ፍላሽ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ግን አይበራም። እንዲሠራ ካኖን ኤዲ-ኢ1 የሚለው አዳፕተር ያስፈልግሻል። የሌላ ድርጅት ፍላሽ ወይም ትሪገር (ፍላሽን ከርቀት የሚያበራ) ልትገዢ ካሰብሽ ደግሞ ካሜራሽን ይዘሽ ሄደሽ እዚያው ገጥመሽ ሞክሪ። ሳጥኑ ላይ ለካኖን የሚል ስለተጻፈበት ብቻ ገንዘብ እንዳትከፍዪ።

አር6 ማርክ 2 ላይ ችግር የለም። አዲሱም የድሮውም መንኪያ አለው፣ ፍላሹ ቀጥታ ይሠራል። ስለዚህ ፍላሹን ትልቁ ላይ አድርጊው፣ አር50 ላይ 50 ኤፍ 1.8ን ገጥመሽ በአዳራሹ መብራት ብቻ ሥሪበት።

ሌላም ነገር። አዳራሽ ውስጥ ድምፅ አልባውን ሹተር አትጠቀሚ። ኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ ጠቆር ጠቆር ያሉ መስመሮች ይወጡብሻል። ስክሪኑ ላይ ላያስታውቁ ይችላሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቻቸው ነው የሚታዩት።

ጎህ፦

በፍላሽ ስሠራ ከምን ልጀምር? ቀጥታ ሰው ላይ ሳበራው ፊቱ ነጭ ይሆናል፣ ግድግዳው ላይ ጥላ ይወድቃል።

ባለሁለት ካሜራ፦

ሰው ላይ አታብሪው። አናቱን ወደ ጣሪያው አዙሪው፣ ብርሃኑ ጣሪያውን መትቶ ሰፍቶ ይወርዳል። ጥላውም ይለሰልሳል። እኔ ብዙ ጊዜ ማንዋል ላይ ሹተር 1/200፣ አፐርቸር 4፣ አይኤስኦ 1600 አድርጌ እጀምራለሁ፣ ፍላሹን አውቶ ላይ እተወዋለሁ። ከኋላ ያለው አዳራሽ ከጨለመብኝ ሹተሩን ወደ 1/100 አወርዳለሁ። ሲጨፍሩ ግን መልሼ ከፍ አደርገዋለሁ። ፎቶውን በሮው አንሺ፣ የአዳራሽ መብራት ቀለሙ ድብልቅልቅ ያለ ስለሆነ በኋላ ማስተካከል ይቀልሻል።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ጣሪያው ነጭና ብዙ ያልራቀ ከሆነ ነው። ጥቁር ከሆነ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ የእንጨት ከሆነ ፊት ሁሉ ብርቱካናማ ይሆናል። ስለዚህ እሺ ከማለትሽ በፊት አዳራሹን ሄደሽ እይው፣ በዝግጅቱ ሰዓት መብራቱ እንደበራ ቢሆን ይመረጣል። ጣሪያው የማይሆን ከሆነ እዚሁ ጻፊልኝና ፍላሹን ከካሜራው ነጥለሽ ማዕዘን ላይ የምታቆሚበትን መንገድ እነግርሻለሁ።