ጥቆማ፦ ሶፍትዌር ምሕንድስናን በኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር) ለመማር ከየት ይጀመር?

ጠያቂ፦ ፓይተን በራሴ ተምሬያለሁ፤ ትንንሽ ፕሮግራሞችም ጽፌያለሁ። ብዙ ሰው አብሮ የሚሠራበት ኮድ ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ፣ አውትሪቺ፣ ሃክቶበርፌስት... ስሙ በዛብኝ። የሞከራችሁት ካላችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም የተማርኩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርህ። ከፕሮግራሙ ስም በፊት አንድ ነገር አጣራ፦ የላክኸውን ኮድ ማን ያነበዋል? በስንት ቀንስ ይመልስልሃል? ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሦስት መስመር ነበር። ቀን የሚያነብ አንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ባዶ ጽሑፍ ሲገባበት ፕሮግራሙን ይዞት ይወድቃል። እኔም «ባዶ ከሆነ ዝም ብለህ ተመለስ» የሚል ጨምሬ ፑል ሪኩዌስት («ለውጤን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ) ላክሁ። ሪቪው ያደረገችልኝ (ኮዴን አንብባ የገመገመችልኝ) ሴት ሦስት ጥያቄ ጻፈችልኝ። ባዶው ከየት መጣ? ይህን ፈንክሽን የሚጠሩት ሌሎች ቦታዎች ባዶ መልስ ሲደርሳቸው ምን ይሆናሉ? ስሕተቱ ነገ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚጠብቀው ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) የታለ? እየተከተልኩ ስሄድ ችግሩን ሁለት ፋይል ወዲያ፣ ፎርሙን የሚቀበለው ክፍል ውስጥ አገኘሁት። የጻፍኳቸውን ሦስት መስመሮች አጥፍቼ ሌላ ቦታ አንድ መስመር አስተካከልኩ፤ ለዚያች አንድ መስመር ደግሞ 15 መስመር ቴስት ጻፍኩ። ብቻዬን ስጽፍ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ልምጣ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ፈርስት ኮንትሪቢውሽንስ ስምህን አንድ ፋይል ላይ ጨምረህ ፎርክ (የፕሮጀክቱ የራስህ ቅጂ)፣ ኮሚት (አንድ የተመዘገበ ለውጥ) እና ፑል ሪኩዌስት እንዴት እንደሚሠሩ የምትለማመድበት ነው። እጅ ማፍታቻ ነው፤ በአንድ ቀን ጨርሰህ እለፍ።

ሃክቶበርፌስትን ዲጂታል ኦሽን በ2014 ጀመረው፤ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ይካሄዳል። በ2020 ለሽልማቱ ቲሸርት ሲባል እርባና የሌለው ፑል ሪኩዌስት በየፕሮጀክቱ ጎርፎ ሜይንቴይነሮችን (ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድሩትን) አስመርሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚቆጠረው በፈቃዳቸው በገቡ ፕሮጀክቶች ላይ የተሠራው ነው። እንደ መነሻ ቀን ተጠቀምበት፤ ቁጥር ለመሙላት ብለህ ግን የሰው ጊዜ አታባክን።

ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2005 ጀምሮ አለ። ድሮ ለተማሪ ብቻ ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ዕድሜው 18 የሞላና ለኦፕን ሶርስ አዲስ የሆነ ሰውም ማመልከት ይችላል። ሥራው እንደ ስፋቱ 90፣ 175 ወይም 350 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ሜንተር (ሥራውን የሚያሳይህ ሰው) ይመደብልሃል፣ ክፍያም አለው። ፉክክሩ ከባድ ስለሆነ ማመልከቻው ሲከፈት ገና ፕሮጀክቱን የምትተዋወቅ ከሆነ ዘግይተሃል። ከወራት በፊት ገብተህ ጥቂት ባግ (የኮድ ስሕተት) ያስተካከልክ እንደሆነ ግን ፕሮፖዛልህን የሚያነቡት ሥራህን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

አውትሪቺ በቴክኖሎጂው ዘርፍ አድልዎ ለሚደርስባቸውና ቁጥራቸው ላነሰ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ካሉበት ሆነው ሦስት ወር ይሠሩበታል፤ 7,000 ዶላር ይከፍላል፣ በዓመት ሁለት ዙር አለው። በጣም የምወደው አመራረጡን ነው። ከምርጫው በፊት የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያለፉ አመልካቾች ሁሉ በፕሮጀክቱ ላይ እውነተኛ ሥራ ይሠራሉ፤ ያልተመረጠ ሰው እንኳ የተቀበሉለት ኮድ በስሙ ይቀርለታል። መስፈርቱን የምታሟላ ከሆነ ይህን አስቀድም።

ሊነክስ ከርነልን (የሊነክስ ሲስተም እምብርት የሆነውን ኮድ) ለጀማሪ አልመክርም። ፓች (የኮድ ለውጥ) የሚላከው በኢሜይል ነው፤ ከመላክህ በፊት ቼክፓች በሚባለው ስክሪፕት መፈተሽ አለበት፣ ሥርዓቱም ጥብቅ ነው። ሪቪዎቹን ማንበብ ግን ትልቅ ትምህርት ነው።

ለአንተ የምመርጥልህ በየቀኑ የምትጠቀምበትን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈውት ፕሮግራምህ ውስጥ የምታስገባው ኮድ) ነው። ጊትሃብ (ፕሮጀክቶቹ የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ላይ ግባና የተዘጉትን ፑል ሪኩዌስቶች ክፈት። የመጨረሻዎቹን ሃያ ተመልከት፦ ከውጭ የመጣ ሰው መልስ አግኝቷል? አነጋገራቸው ጨዋ ነው? ከዚያ ኮዱን አውርደህ ቴስቶቹን አስነሣ። ግማሽ ቀን ታግለህ ካልተነሡ ሌላ ፈልግ፤ ወይም መመሪያው የጎደለውን ጽፈህ ላክ፣ እሱም እንደ ጥሩ ሥራ ይቆጠራል።

ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ውስጥ ያለውን ባይሴክት የሚባለውን ትእዛዝም ቶሎ ልመድ። አንድ ነገር የተበላሸው በየትኛው ኮሚት እንደሆነ መሐል ለመሐል እየከፈለ ይፈልግልሃል፤ 1,000 ኮሚት ቢኖር በ10 ሙከራ ገደማ ያገኘዋል። ጥፋተኛውን ኮሚት ለይቶ የመጣን ጀማሪ ሜይንቴይነር አይረሳውም።

ሌላ መልስ፦ እኔ ኤክሰርሲዝም የሚባለውን የኮድ መለማመጃ ድረ ገጽ እጨምራለሁ። ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ ገና ድፍረት ካጣህ፣ መልመጃ ሠርተህ ኮድህን ሰው የሚያይልህ በነፃ ነው። የሪቪውን ቋንቋ እኔ የለመድኩት እዚያ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ኢሹ (ፕሮጀክቱ ላይ የተመዘገበ ችግር) ላይ «ልሥራው?» ብዬ ጽፌ ሳምንት ሆነኝ፣ መልስ የለም። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። ባጉን በራስህ ማሽን ላይ አስነሣው፤ የትኛው ቨርዥን ላይ፣ ምን ስታስገባ፣ ምን እንደወጣ ደረጃ በደረጃ እዚያው ኢሹ ላይ ጻፍ። ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው መልስ ለመስጠት ሜይንቴይነሩ መጀመሪያ ራሱ ባጉን መመርመር አለበት፤ አንተ መርምረህ ካቀረብክለት ግን የሚቀረው «አዎ፣ ላክ» ማለት ብቻ ነው።