ለሙዚቃ ቅንብር የሚሆን የላፕቶፕ ዲስክ፦ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ማሽኑ የ2012 ማክቡክ ፕሮ 13 ኢንች ነው፣ ሬቲና (ጥራቱ ከፍ ያለ ስክሪን ያለው) ያልሆነው። ሎጂክ (የአፕል የሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራም) ላይ 40 ትራክ ሲከፈት ዲስኩ ቀርፋፋ ነው እያለ ይቆማል። በደቂቃ 7200 ዙር የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ይበቃል ወይስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ልግዛ?

መልስ፦ ኤስኤስዲ፣ ያለ ጥርጥር። በ24 ቢት 48 ኪሎኸርዝ አንድ ሞኖ ትራክ በሰከንድ 144 ኪሎባይት ነው የሚፈልገው፤ 40ው ተደምሮ 6 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። የሚያዘገየው የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ ክንድ ከፋይል ወደ ፋይል መመላለሱ ነው፤ ዙር መጨመር ይህን ብዙም አያቃልልም። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የዲስክ ማገናኛ ዓይነት)፣ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ግዛ። ኤንቪኤምኢ (ሌላ ማገናኛ የሚጠቀም የኤስኤስዲ ዓይነት) እዚህ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ እንዳትሳሳት። 500 ጊጋ ይበቃል።

መልስ፦ ሳምፕል ላይብረሪ (የተቀረጹ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ) ካለህ 500 አይበቃም፣ 1 ቴራ ያዝ። ለክዳኑ 10 ብሎኖች ፊሊፕስ 00 መፍቻ፣ ለዲስኩ 4 ብሎኖች ቶርክስ ቲ6 መፍቻ ያስፈልግሃል። መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀል። ዲስኩን ከቦርዱ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ኬብል በዚህ ሞዴል ቶሎ ይበላሻል፤ አዲሱ ኤስኤስዲ ሲስተም ሲጫንበት ስህተት ካበዛ ዲስኩን ለሻጩ ከመመለስህ በፊት ኬብሉን ቀይር።

መልስ፦ ትሪም (የተሰረዙ ፋይሎች የነበሩበትን ቦታ ለኤስኤስዲው የሚያሳውቅ ትእዛዝ) ማብራትም አትርሳ። አፕል ባልሠራው ሳታ ኤስኤስዲ ላይ በራሱ አይበራም፤ ተርሚናል ውስጥ በትሪምፎርስ ትእዛዝ ነው የሚበራው።