ጾምን እንደ ግብር የሚከፍል ሰው ምን ይባላል?

ደንገል፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ባሕር ዳር ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ስግደት ነው። አንድ ቃል ግን አጣሁ። ሰውዬው ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ዳዊቱን ይደግማል። አንድ ቀን ከጎደለበት ራሱን ሲኮንን ይከርማል። ካልጎደለበት ደግሞ የጎደለበትን ሰው ይኮንናል። ሥርዓቱን ይዞ፣ ሥርዓቱ የተሠራለትን ነገር የረሳ ሰው ማለቴ ነው። አንዳንድ ሰባኪያን «ሕጋዊነት» ይሉታል። «ሕጋዊ» ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ነው። የተሻለ ቃል ያላችሁ?

ሽምብጥ፦
«ፈሪሳዊነት» አይበቃህም? ወንጌሉም ያንኑ ነው የሚለው። ቤተ መቅደስ ገብቶ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንደሚጾም፣ ከገቢው ሁሉ አሥራት እንደሚያወጣ ለእግዚአብሔር የቆጠረለት ሰው ፈሪሳዊ ነበር።

ደንገል፦
አስቤው ነበር። ችግሩ፣ ወጣቶቹ «ፈሪሳዊ» ሲባሉ ወዲያው ሌላ ሰው ትዝ ይላቸዋል። ስድብ ሆኗል። «ግብዝ»ም እንደዚያው።

ሽምብጥ፦
ልክ ነህ። ደግሞ ግብዝ ሌላ ነው። ግብዝ ለታይታ ነው የሚያደርገው፤ ሰው ካላየው ይተወዋል። ያንተ ሰው ግን ቤቱን ዘግቶም ይቆጥራል። ማንም ሳያየው ይጨነቃል። ስለዚህ አታሎ ነው አይባልም። ደክሞት ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ልጆች፣ አንድ ቃል ከመፍጠራችሁ በፊት ያሉንን ቃላት እንያቸው። ነገሩ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል።

«ገደፈ»ን እንውሰድ። በጾም የፍስክ ምግብ የበላ ሰው «ገደፈ» ይባላል። የፊደል ስሕተትም «ግድፈት» ነው። በግእዝ «ገደፈ» ጣለ፣ ተወ ማለት ነው። ጸሐፊው አንድ ፊደል ሲጥል ገደፈ እንደምንለው፣ ጿሚውም አንድ ነገር ሲጥል ገደፈ እንላለን። ጥያቄው ምን ጣለ ነው። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው፣ በዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፉ፣ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ይላል። ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል። እንግዲህ በዚህ ብንሄድ ወተት ያልቀመሰው ሐሜተኛ ቀኑን ሙሉ ሲገድፍ ውሏል። «ገደፍክ?» የሚለውን ቃል ለወተትና ለሥጋ ብቻ ስላስቀረነው ነው እንጂ ቃሉ ሰፊ ነበር።

ሁለተኛው «ሁዳዴ» ነው። ዐቢይ ጾም፣ 55 ቀን የምንጾመው። «ሁዳድ» በድሮው ዘመን ሕዝቡ ተሰብስቦ ለገዢው ያለ ክፍያ የሚያርሰው ሰፊ መሬት ነው። መምህራን የጾሙን ስም ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ሁሉም በአንድነት ስለሚጾመው፣ ለንጉሡ ለክርስቶስ የሚቀርብ ስለሆነ ይላሉ። ትርጓሜው መልካም ነው። ግን ደንገል፣ የአንተ ሰው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁዳድ የሚያርስ ገባር፣ ለገዢ ግብር የሚከፍል ገበሬ፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጌታውን ይወዳል። ሌላው የሚያየው ምስለኔውን፣ የጌታውን ወኪል፣ ነው፤ ቀኑ እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ጎረቤቱ ስንት ትልም እንዳረሰ ይቆጥራል። ሁለቱም ያረሱት መሬት አንድ ነው።

ከዚያ ደግሞ የሚገርመው፣ ከጾሙ በፊትና በኋላ ያሉት ቃላት የገባር ቃላት አይደሉም። ከጾሙ በፊት «ቅበላ» ነው። እንግዳ እንደምንቀበል ጾሙን እንቀበለዋለን። ሲያልቅ «ፍቺ» ነው፤ ጾም እንፈታለን። ቅበላን የሥጋ ሳምንት ያደረግነው እኛ ነን። ቃሉ ግን ለሚመጣው እንግዳ በር መክፈት ነው።

ሦስተኛውን ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። «ደገመ»። ዳዊት ይደገማል፣ ውዳሴ ማርያም ይደገማል። ከዚሁ ሥር «ድግምት» ወጣ። ያው ግስ ነው። አንዱ በልብ የሚነበብ ጸሎት፣ ሌላው ቃሉ በራሱ ይሠራል ተብሎ የሚባል ነገር። መቁጠሪያ ይዘን 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስንል፣ ቁጥሩ ሐሳባችን እንዳይበተን የሚይዝልን ነው። ቁጥሩ ራሱ ይሠራል ካልን፣ 40 ላይ ስንቋረጥ የምንደነግጥ ከሆነ፣ ከዳዊት ወደ ድግምት ተሻግረናል። ይህን ስል መቁጠሪያ የሚቆጥሩትን እናቶች እየነቀፍኩ አይደለም። ብዙዎቹ ከእኔ በላይ ይጸልያሉ።

ሐመር፦
መምህር፣ በጣም ነው የጠቀሙኝ። እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ጾሙ በቀን መቁጠሪያ የተወሰነ ስላልሆነ ብዙዎች ከዚህ ነገር ነፃ የወጣን ይመስለናል። አልወጣንም። እኛ ያለን «ጥሞና» ነው። ጠዋት ተነስቶ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብና መጸለይ። አሁን አነጋገሩን ልብ በሉት። «ጥሞና ይዘሃል?» «ዛሬ ጥሞና አመለጠኝ።» እንደ አውቶቡስ ያመልጣል። ስልክ ላይ ደግሞ በዓመት መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስጨርስ መርሐ ግብር አለ፤ ሦስት ቀን ወደኋላ የቀረ ሰው ዘሌዋውያንን ዓይኑን እያሻሸ ይሮጥበታል። ምን እንዳነበበ ብትጠይቁት አያውቅም። «በጥሞና ማዳመጥ» ማለት ግን ዝም ብሎ በደንብ መስማት ነው። የሚሰማ ሰው ቸኩሎ ገጽ አይገልጥም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። «አመለጠኝ» የሚለውን በሚገባ አየሽው። የእኛዎቹ «ቅዳሴ አመለጠኝ» ሲሉም ያው ነው።

ሽምብጥ፦
እኔ ግን ትንሽ ልከራከር። ሁላችሁም ሥርዓትን ስትፈሩት ይታየኛል። ሥርዓት የሌለው ፍቅር ስንት ቀን ይቆያል? እስኪ ጣና ላይ ያለውን ዘጌን ተመልከቱ። በባሕረ ገብ ምድሩ በሬ ጠምዶ ማረስ አይፈቀድም፤ አባቶች ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ሥርዓት ነው ይላሉ። ጥብቅ ነው። በዙሪያው ያለው አገር ታርሶ ዛፉ ሲያልቅ፣ ዘጌ ላይ ጫካው ቆመ፤ ቡናውም ከጥላው ሥር ይበቅላል። ያ ሥርዓት ባይኖር ማን በፈቃዱ ይጠብቀው ነበር? ጾምም እንደዚያው ነው። ልቤ ሲነሳሳ ብቻ እጾማለሁ የሚል ሰው አይጾምም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ትክክል። እኔም ሥርዓቱን ጣሉ አላልኩም። ምሳሌህ ራሱ ይረዳናል። ዘጌ ላይ ሥርዓቱ የሚጠብቀው ነገር ይታያል፤ ጫካው አለ። ሥርዓቱ ቢቀር ምን እንደሚጠፋ ሕፃኑም ያውቃል። ደንገል የሚለው ሰው ግን ጫካው ካለቀ በኋላ አጥሩን ብቻ የሚጠብቅ ነው። ጌታ ሰንበት ለሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ለሰንበት አልተፈጠረም ሲል ሰንበትን አልሻረም። ማን ለማን እንደተሠራ ነው ያስታወሰን።

ስለዚህ «ቀኖና»ን ላንሳ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ መነሻው ቀጥ ያለ ዘንግ፣ መለኪያ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የንስሐ አባት የሚሰጡንን ስግደትና ጾም እንለዋለን። «ቀኖና ተቀበልኩ» እንላለን። ልብ በሉ፣ ንስሐ አባት ለሁሉም አንድ ዓይነት አይሰጡም። ለወጣቱ ስግደት፣ ለአሮጊቷ መዝሙር፣ ለባለ ሀብቱ ምጽዋት። ለታመመው ያቀልሉለታል። ሰውን አይተው ነው። ይህን እያየን «አንተ ለምን እንደኔ አትሰግድም?» ማለት የማን ቀኖና ነው? ሕግ ለጋራ ነው፣ ቀኖና ግን በሰው ልክ ይሰፋል። ከጨከነ ሰው የሚጠብቀን ይኸው የቆየ አሠራር ነው።

ደንገል፦
ጋሼ፣ በዚሁ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እዚህ ጣና ዳር በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ። ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ቶሎ ያልቃል። አንዱ ዓሣ ሲበላ ሌላው «ገደፍክ» ይለዋል። በዚህ ጉዳይ ስንት ጓደኝነት ሲበላሽ አየሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዓሣ በጾም አይበላም፤ ይህን አልሸሽግህም። በተግባር ግን ብዙ ሰው ይበላል። እኔ የምልህ፣ ለሚጠይቅህ ሥርዓቱን ንገረው። ሳይጠይቅህ ሳህኑን አትመልከት። ፍርድ የጀመርክ ቀን ዓሣ ባትበላም ሰው በልተሃል።

ሐመር፦
ጌታም «ስትጾም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህን ታጠብ» ያለው ለዚህ ይመስለኛል። የጾመ ሰው ፊት የሌላውን ሳህን አያወግዝም።

ሽምብጥ፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ ሳይሆን ተስማማሁ። ቃሉ ላይስ? እኔ አሁን «ገባርነት» እላለሁ። ጾምን እንደ ግብር የሚከፍል ሰው፣ «የጾም ገባር»።

ደንገል፦
ደስ ይላል! ስድብ አይደለም፤ ሰውዬውን ያሳዝናል እንጂ አያዋርደውም። ገባር ጭንቅ ያለበት ሰው ነው። ወጣቶቹም «እኔ ነኝ» ለማለት አያፍሩም። ጽሑፉን በዚህ ልጀምር።

ግን አንድ ጥያቄ ይቅርብኝ ብዬ ነበር፣ አልተወኝም። በስቅለት ዓርብ የሚጀመረው «አክፍሎት» ከ«ከፈለ» ነው? ከሆነ እሱም ግብር መክፈል አይሆንም?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጥሩ ጠየቅክ። «ከፈለ» በአማርኛ ሁለት መንገድ አለው። ዕዳ ከፈለ አለ። ለሁለት ከፈለ፣ ክፍል ሰጠ አለ። «አክፍሎት» ሁለተኛው ነው። መምህራን ከጌታ መከራ ድርሻ መካፈል ነው ይላሉ። እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚያከፍል ሰው ዕዳ አይከፍልም፤ ዕዳው ተከፍሏል። ከከፈለለት ጋር አብሮ መዋል ነው የፈለገው። ስለዚህ ማክፈል ያልቻለ፣ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በዚያ ሌሊት ከማኅበሩ አትጎድልም። ይህንን ለወጣቶቹ ጻፍላቸው። በተለይ ለነፍሰ ጡሮቹ እኅቶች፤ በየዓመቱ ሲጨነቁ አያቸዋለሁ።