እናቴን ከመሐል ሜዳ ወደ ጀርመን ለማምጣት፦ ብር በስሟ ላስገባላት?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
ጀርመን የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄን በሚያዝያ እወልዳለሁ። ባለቤቴም ተማሪ ስለሆነ እናቴ መጥታ እንድታርሰኝ እፈልጋለሁ። እናቴ የመንዝ ገበሬ ናት። ደመወዝ የላትም፤ የተወለደችበትን ቀንም የሚያውቅ የለም፤ «ገብሱ ሳያሸት» ይሏታል። ያላት ሦስት ጥማድ መሬትና 11 በግ ነው። አንድ የማውቀው ሰው «ቪዛ እንዲሰጧት ብር ተበድረሽ ባንክ በስሟ አስገቢላት» አለኝ። እንዲህ ያደረገ አለ?

ጣርማበር፦
እህቴ፣ እኔ አድርጌዋለሁ፤ አልተሳካም። እናቴ የምትኖረው ከደብረ ሲና በላይ ነው። ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዘመድ አስቸግሬ 200 ሺህ ብር አስገባሁላት። በሂሳብ መግለጫው ላይ ያ ብር ብቻውን እንደ ምሰሶ ተገትሮ ታየ። «ከየት መጣ?» ሲሏት ውሸት አታውቅምና «የልጄ ነው መሰለኝ» አለች። ተከለከለች።

በሁለተኛው ጊዜ ያለውን እንዳለ አቀረብን። የመሬት ይዞታ ደብተሯን አስተረጎምን፤ ወደ ቤቷ እንደምትመለስ እንዲያምኑ፣ እሷ ስትመጣ ከብቶቹን ማን እንደሚጠብቅ ሳይቀር በደብዳቤዬ ጻፍኩ። ስቀውብኝ ይሆናል፤ ቪዛው ግን ተሰጠ።

ወጪዋን እንደምችል ደግሞ በምኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄጄ ፈረምኩ። ሰነዱ «ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» ይባላል፤ በስልክ ስነግራት «ምን ያስልሃል?» ብላኛለች። ክፍያው 29 ዩሮ ነው። ገቢሽን ያያሉ፤ በስኮላርሺፕ ብቻ የምትኖሪ ከሆነ ግን ሥራ ያለው ወዳጅ ቢፈርምልሽ ይሻላል። ዋናውን ወረቀት ላኪላት፤ ፎቶው አይበቃም። የጉዞ ጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን፤ የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ስለሚቀበሉ ከጥቅምት ጀምሪ።

ስሟ በልደት ምስክር ወረቀትሽና በፓስፖርቷ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉንም እዪ። እኛን አንዲት ትርፍ «ኤች» አንድ ወር አዘግይታናለች።

የደብረ ብርሃኗ አያት፦
ልጄ፣ እኔ ራሴ ልጄን አርሼ የመጣሁ ነኝና ወረቀቱን ለወንድምሽ ትቼ ሌላውን ልንገርሽ። ቪዛው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ሴት ከወለድሽ ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። እናትሽ ቸኩላ ወር ቀድማ ከመጣች ክርስትናውን ሳታይ ትመለሳለች። ሳምንት ሲቀርሽ ትምጣ።

ቅቤ እንዳትይዝ! የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ነገር ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። እኔ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን የነጠረ ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወሰዱብኝ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። የገንፎውን ዱቄት ግን አሳልፈውልኛል፤ ቅቤውን እዚያው ግዢ።

ለአሻራው አዲስ አበባ ራሷ መሄድ አለባት። የእኔ ጣት በማጭድ አልቆ ማሽኑ ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎኛል፤ አትደንግጥ በያት። ትኬት ስትቆርጪ የተሽከርካሪ ወንበር ጠይቂላት። እግሯ ደህና ቢሆንም ጠይቂ፤ የሚገፋት ሰው ከበር እስከ በር ያደርሳታል፤ ቋንቋ አያስቸግራትም።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ብሩን ትቼዋለሁ። ዛሬ ማታ ደውዬ በጎቹን ማን እንደሚጠብቅ ስጠይቃት «ጀርመኖች በግ ሊገዙ ነው?» አለችኝ። የአጎቴ ልጅ ይጠብቃል፤ ስሙን በደብዳቤው እጽፋለሁ።