14ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ለእናቴ ጓሮ መሥራት እፈልጋለሁ

የ14ኛ ፎቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከጓሮዋ ተለይታ አታውቅም። አሁን እኔ ጋ ገብታለች። በረንዳችን 4 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ነው፤ የከሰዓቱን ፀሐይ በሙሉ ይቀበላል። በሞቃቱ ወቅት ወበቅና ዶፍ አብረው ይመጣሉ። ቀዝቃዛው ወቅት ቀለል ያለና ደረቅ ነው። አምና ፊከስ የሚባል አንድ ረጅም የማሰሮ ዛፍ ገዝቼ አቆምኩላት። አንድ ሌሊት ነፋስ ገለበጠው። ደግነቱ ወደ ውስጥ ነው የወደቀው። ከዚያ ወዲህ እናቴ በረንዳው ላይ መቀመጥ ትፈራለች። ሳሎን ሆና በመስኮት ታያለች። ምን ልሥራላት?

አፈር ወዳድ፦
እህቴ፣ እንኳንም ወደ ታች አልወደቀ! እኔ ፎቅ ላይ አትክልት መትከል ሥራዬ ነው። ከፍታ ላይ ከፀሐይ በፊት የሚታሰበው ነፋስና ክብደት ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 40 ሳንቲሜትር የሆነ መትከያ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። በረንዳው በካሬ ስንት ኪሎ እንደሚችል የሕንፃውን አስተዳደር ሳትጠይቂ ምንም አትግዢ። አፈሩን ፐርላይት ወይም ፐሚስ ከሚባሉት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ጋር ብትደባልቂው ክብደቱ በጣም ይቀላል። የቀለለ ደግሞ ይገለበጣል። ስለዚህ መትከያው ሰፊና ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከግድግዳው ጋር እሰሪው። የበረንዳው ብረት ላይ ምንም አታንጠልጥይ፣ አደራ።

ነፋሱን በድፍን ነገር አትጋርጂው። በላዩ ዘሎ ከኋላው ይሽከረከራል። ግማሽ ያህሉ ክፍት የሆነ የእንጨት ፍርግርግ ግን ነፋሱን እያሳለፈ ያበርደዋል። ቡገንቪሊያ ይወጣበታል፤ ፀሐዩንም ድርቁንም ይችላል።

ወበቅ ያስመረራት፦
እኔ የምጨምረው ስለ ውሃ ነው። በሙቀት ጊዜ ትንኝ ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ከመትከያው ሥር ያለውን ሳህን በየሳምንቱ ድፊ። የበረንዳውን ውሃ መውረጃም እዪው። እኛ ቤት የረገፈ ቅጠል ደፈነውና አንድ ዶፍ ሲመጣ ውሃው ሳሎን ገባ። የታች ጎረቤታችንም ኮርኒስ ራሰ። እስካሁን ሳገኛቸው አፍራለሁ።

የ14ኛ ፎቅ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ለአስተዳደሩ ዛሬ ጻፍኩ። እናቴንም ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ለካ እስከዛሬ አልጠየቅኳትም። ዛፍ አላለችም። «ተቀምጬ በእጄ የማሸው፣ የሚሸት ነገር» አለችኝ። ጠጅ ሳር ያን ነፋስ ይችላል?

አፈር ወዳድ፦
ይችላል። ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ይተኛና ይነሳል። ደረቁ ወቅት ላይ ውሃ አታጓድይበት። መጀመሪያ ግን እማማን ከፍርግርጉ ኋላ ወንበራቸው ላይ አስቀምጪያቸው። እጃቸው የሚደርስበትን ምልክት አድርጊና እዚያው ትከዪላቸው።